ከቦሌ እስከ ፍልውሃ፣ ከፍልውሃ እስከ ባዝ

(የመግቢያ ሙዚቃ፤ ከአፍታ በኋላ ዝቅ ይላል)

ሐሙስ ማታ ነው። ነገ አርብ፣ ከነገ ወዲያ ቅዳሜ። ወጥ እያማሰላችሁ ያላችሁም፣ ታክሲ ውስጥ ተጣብባችሁ የተቀመጣችሁም፣ ሱቅ ለመዝጋት ሒሳብ የምትቆጥሩም፣ ጆሯችሁን ብቻ አውሱኝ። እጃችሁ ሥራውን ይቀጥል።

የዛሬው ወሬያችን ስለ ውሃ ነው። በቧንቧ ስለሚመጣውና ስለሚጠፋው ውሃ አይደለም፣ እሱን በየቀኑ እናወራዋለን። ከመሬት ሆድ ሞቆ፣ እንፋሎቱን ይዞ ስለሚወጣው ውሃ ነው። ስለ ፍል ውሃ።

ባለፈው ሳምንት ከቦሌ መድኃኔዓለም ተነስቼ ወደ ሩዋንዳ ሰፈር በእግሬ ስሄድ ሰሌዳ አነብ ነበር። የቆየ ልማዴ ነው፤ ሰው ሰው ያያል፣ እኔ ሰሌዳ አያለሁ። «ስፓ» ይላል አንዱ። «ስፓና ስቲም» ይላል ቀጥሎ ያለው። «ሞሮኮ ባዝ»። ትንሽ ራመድ እንዳልኩ ደግሞ «ስፓ»። አንዱ በር ላይ የቆመውን ጥበቃ «ወንድሜ፣ ስፓ ማለት ምን ማለት ነው?» አልኩት። አሰብ አደረገና «እትዬ፣ ሰው ደክሞት ገብቶ ቀልቶ የሚወጣበት ነው» አለኝ። ከዚህ የተሻለ ፍቺ እስካሁን አላገኘሁም።

እናንተስ? ስፓ ማለት ምን እንደሆነ አስባችሁ ታውቃላችሁ?

(አጭር ሙዚቃ)

ስፓ የከተማ ስም ነው። ቤልጅየም ውስጥ፣ በምሥራቁ በኩል፣ ደን የከበባት ትንሽ ከተማ አለች። ብረት ብረት የሚል ማዕድናም ውሃ ከመሬቷ ይፈልቃል። የሩስያው ታላቁ ጴጥሮስ እንኳ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1717 እዚያ ድረስ ሄዶ ውሃውን ጠጥቷል። የከተማዋ ዝና ሲሰፋ ስሟ የሁሉም መጠሪያ ሆነ። እኛ ባለ ሦስት እግሯን ተሽከርካሪ ሁሉ፣ ፋብሪካዋ የትም ይሁን፣ ባጃጅ እንደምንላት ማለት ነው። ባጃጅ የአንድ ፋብሪካ ስም ነበር፤ ስፓም የአንዲት ከተማ ስም ነበር።

ያ ዘመን በአውሮፓ ገንዘብ ያለው ሰው ሲታመም ወይም ሲሰለቸው ወደ ፍል ውሃ ከተማ የሚሄድበት ነበር። ሐኪሙ «ይህን ያህል ብርጭቆ ጠጣ፣ ይህን ያህል ደቂቃ ተነከር» ብሎ ያዝዛል። ጠዋት ውሃ፣ ከዚያ በዛፍ ጥላ ሥር የእግር ጉዞ፣ ማታ ሙዚቃ። በቼክ አገር ካርሎቪ ቫሪ የምትባለው ከተማ ዛሬም እንዲሁ ናት። እጀታው እንደ ቱቦ የሚጠባ ኩባያ ይሸጣሉ፤ ሰው ኩባያውን አንጠልጥሎ ከምንጭ ምንጭ እየዞረ ፉት ይላል። በአፈ ታሪኳ፣ ንጉሥ ቻርልስ አራተኛ አደን ላይ ሳሉ የአደን ውሻቸው ፍል ውሃ ውስጥ ወድቆ ጮኸ፣ ምንጩም በዚያ ተገኘ ይባላል። ዩኔስኮ እንደ ፈረንጆች በ2021 እንዲህ ያሉ 11 የአውሮፓ ከተሞችን በአንድነት በዓለም ቅርስነት መዝግቧል። ስፓ አለችበት። ካርሎቪ ቫሪ አለችበት። የእንግሊዟ ባዝም አለችበት። ባዝን ያዙልኝ፣ በኋላ እንመለስባታለን፤ ከእኛ ጋር ጉዳይ አላት።

አሁን ግን አንድ ጥያቄ። ንጉሥና ንግሥት ሊታጠቡ ወርደው፣ ውሃው ስለተስማማቸው ቤት ተሠርቶ፣ ቤቱ ሰፈር፣ ሰፈሩ ከተማ የሆነበት አገር ታውቃላችሁ?

እስቲ ገምቱ።

(የሚፈስ ውሃ ድምፅ፤ ለአምስት ሰከንድ)

አሁን የተቀመጣችሁበት ከተማ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዳግማዊ ምኒልክና እቴጌ ጣይቱ መቀመጫቸው እንጦጦ ነበር። እንጦጦ ከፍታ ነው፣ ጠላት ሲመጣ ከሩቅ ያሳያል። ግን ብርድ ነው። የእንጦጦን ንፋስ የምታውቁት ታውቁታላችሁ፤ ጋቢ ላይ ጋቢ ደርበህም አጥንት ድረስ ይገባል። ከታች ሜዳው ላይ ደግሞ የአካባቢው ኦሮሞዎች ፊንፊኔ የሚሉት፣ ፍል ውሃ የሚፈልቅበት ስፍራ አለ። ቤተ መንግሥቱ በየጊዜው ወደዚያ ይወርዳል፣ ድንኳን ይተከላል፣ ይታጠባሉ፣ ቁርጥማት ያለበት ይነከራል። እቴጌ ጣይቱ ቦታውን ወደዱት። ከፍል ውሃው አጠገብ ቤት እንዲሠራላቸው ጠየቁ፣ ተሠራላቸው። ስፍራውንም አዲስ አበባ አሉት። ይህ የሆነው በ1879 ዓ.ም. ነው። መኳንንቱ ተከተሉ፣ ነጋዴው ተከተለ፣ ወታደሩ ተከተለ፤ እንጦጦ ባዶዋን ቀረች።

ደግሜ ልበለው፣ ምክንያቱም እኔ ራሴ ለመጀመሪያ ጊዜ በዚህ ዓይን ሳየው ገርሞኛል። አዲስ አበባ የባቡር ጣቢያ ከተማ አይደለችም፤ ባቡሩ ከሠላሳ ዓመት በኋላ ነው የደረሰው። የወደብ ከተማ አይደለችም። የወርቅም አይደለችም። ብርድ የጠናባት እቴጌ ሙቅ ውሃ አጠገብ ቤት መሥራቷ ነው የከተማችን መነሻ። በፈረንጆቹ አጠራር ካልን፣ አዲስ አበባ ስፓ ናት። ከፍል ውሃዋ አምስት ኪሎ ሜትር ያህል ርቀን ቦሌ ላይ «ስፓ» የሚል ሰሌዳ የሰቀልን እኛ ነን።

(አጭር ሙዚቃ)

የቦሌ፣ የገርጂ፣ የሲኤምሲ፣ የአያት ሰው ፍልውሃ ሲባል ብዙ ጊዜ የሚያስበው የታክሲ መውረጃ ነው። «ፍልውሃ ወራጅ አለ!» ከዚያ በላይ ውሃው ራሱ ትዝ አይለንም። ስለዚህ ትንሽ ወደ ልጅነቴ ልውሰዳችሁ።

ለፋሲካ ወይም ለእንቁጣጣሽ ሁለት ቀን ሲቀር አባቴ እኔንና ወንድሜን ይዞን ፍልውሃ ይሄድ ነበር። እናቴ በፌስታል ፎጣ፣ ሳሙና፣ የውስጥ ልብስ ቋጥራ ትሰጠናለች። የምትሰጠን ፎጣ አንድ ነው፤ ለሦስታችን አንድ። ትኬት ተቆርጦ አግዳሚ ወንበር ላይ ተራ ይጠበቃል። የበዓል ሰሞን ወረፋው ረጅም ነው። ነጠላቸውን አጣፍተው የተቀመጡ ሽማግሌዎች አሉ፣ እግራቸውን ዘርግተው። ሊያገባ የተዘጋጀ ሙሽራ ከሚዜዎቹ ጋር ይሳሳቃል። ተራችን ሲደርስ ቁጥራችን ይጠራና እንገባለን።

ክፍሉ ውስጥ መጀመሪያ የሚመታችሁ ጭጋጉ ነው። ግድግዳው ያላበው ሸክላ ነው፤ በጣቴ ስሜን እጽፍበት ነበር። ሁለት ቧንቧ አለ። አባቴ የሙቁን ሲከፍተው ቧንቧው መጀመሪያ ያጉረመርማል፣ ከዚያ ውሃው ይንዠቀዠቃል። «እጃችሁን እንዳታስገቡ!» ይላል በየጊዜው፣ እኛም በየጊዜው ልናስገባ እንሞክራለን። ቀዝቃዛውን ይቀላቅልና በክርኑ ይለካል። በእጁ አይደለም፣ በክርኑ፤ እጅ ሥራ የለመደ ስለሆነ ይዋሻል ይል ነበር። ውሃው ላይ የማልረሳው ነገር ልስላሴው ነው። ሳሙናውን ታጥባችሁም ገላችሁ ገና ሳሙና እንዳለበት ይንሸራተታል። አባቴ «ለቅለቅ በይ» ይለኛል፣ እኔ «ለቅልቄያለሁ» እላለሁ፤ ሁልጊዜ በዚህ እንጨቃጨቃለን። ለምን እንደሚንሸራተት ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው፤ አሁን እነግራችኋለሁ።

ከዚያ በሩ ይንኳኳል። «ሰዓት ደርሷል!» ሁልጊዜ ሳይበቃን ነው የሚደርሰው። ስንወጣ ከውጭ ሻይ በዳቦ። ጸጉራችን እርጥብ ነው፣ ጆሯችን ቀልቷል፣ ያ ጥበቃ እንዳለው። የዚያን ሻይ ጣዕም እስከ ዛሬ የትም ካፌ አላገኘሁትም።

(የጀበና ፍልቅልቅታ ድምፅ)

አሁን ወደ ጥያቄው። ውሃው ለምንድነው የሚሞቀው? እሳት የሚያነድበት ማን ነው?

ጀበናን አስቡ። ውሃው ከሥር ነው፣ እሳቱ ከሥር ነው። ሲፈላ ወዴት ይሄዳል? ወደ ላይ። በየት በኩል? በጠባቡ አንገት። የምድር ፍል ውሃም እንደዚሁ ነው የሚሠራው። እንጦጦ ላይ ክረምት ሲዘንብ ውሃው ሁሉ በወንዝ አይሄድም፤ ከፊሉ በድንጋይ ስንጥቅ እየሰረገ ወደ ጥልቁ ይወርዳል። መሬት ደግሞ ወደ ውስጥ በገባን ቁጥር ትሞቃለች። በተራው ቦታ በየአንድ ኪሎ ሜትሩ ጥልቀት ሙቀቱ በ25 ወይም በ30 ዲግሪ ያህል ይጨምራል። በስምጥ ሸለቆ አካባቢ ግን ትኩሱ አለት ወደ ላይ ቀርቧል፣ ስለዚህ ጭማሪው ከዚህ ይበልጣል። ውሃው እዚያ ወርዶ ይሞቃል፣ ሲሞቅ ይቀላል፣ ሲቀል መውጫ ይፈልጋል። መውጫው ትልቅ የመሬት ስንጥቅ ነው። ያ ስንጥቅ የጀበናው አንገት ነው።

አዲስ አበባ የተቀመጠችው በስምጥ ሸለቆው ምዕራባዊ ጠርዝ ላይ ነው። ለምሥራቁ ሰፈር ነዋሪ ይህን ማየት ቀላል ነው። ከሰሚት ወይም ከጎሮ፣ ከአያት ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ጠዋት መስኮት ስትከፍቱ ከፊታችሁ ትልቅ ተራራ ይታያችኋል አይደል? የረር ነው። የረር እሳተ ገሞራ የነበረ ተራራ ነው። ልብስ ስታሰጡ በየቀኑ የምታዩት ተራራና ፍልውሃ የሚፈላው ውሃ የአንድ ጓዳ ዕቃዎች ናቸው።

ልስላሴውስ? ውሃው ትኩስ ሆኖ አለት ውስጥ ሲመላለስ የአለቱን ማዕድን ያሟሟል። ሻይ ቅጠል ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ቶሎ አይለቅም፣ ሙቅ ውስጥ ግን ወዲያው ይለቃል፤ እንደዚያ ማለት ነው። የፍልውሃው ውሃ በይበልጥ የያዘው ሶዲየም ባይካርቦኔት ነው። ይሄ እኮ ወጥ ቤታችሁ ያለው፣ ለዳቦና ለኬክ የምትጨምሩት ቤኪንግ ሶዳ ነው። እስቲ ነገ ግማሽ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ ውሃ ውስጥ በጥብጡና በጣታችሁ ፈትጉት። ያ መንሸራተት የፍልውሃ መንሸራተት ነው። ስለዚህ አባቴ ተሳስቶ ነበር። እኔ ለቅልቄ ነበር።

(ሳቅ፤ አጭር ሙዚቃ)

አሁን ወደ ባዝ። ያዙልኝ ያልኳችሁ ነገር ነበረ።

ቦሌ ላይ «ሞሮኮ ባዝ» የሚለው ባዝ በእንግሊዝኛ መታጠቢያ ማለት ነው። የእንግሊዟ ከተማም ስሟ ይኸው ነው፤ መታጠቢያ። ሮማውያን ከሁለት ሺህ ዓመት ገደማ በፊት በፍል ውሃው ዙሪያ መታጠቢያ ሠርተውባታል፤ ዛሬም ቆሟል። ውሃው ሲወጣ 46 ዲግሪ ያህል ነው፤ በቀን ከአንድ ሚሊዮን ሊትር በላይ ይፈልቃል። አንድ የውሃ ቦቴ አሥር ሺህ ሊትር ቢይዝ፣ ከመቶ ቦቴ በላይ፣ በየቀኑ፣ ያለ ፓምፕ።

ወደዚህች ከተማ ነው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በስደት የገቡት። ጣሊያን አገራችንን ሲይዝ ንጉሡ በሰኔ 1928 ጄኔቫ ላይ ለመንግሥታት ማኅበር ንግግር አድርገው ወደ እንግሊዝ ተመለሱ። ከዚያ ለእረፍትና ለጤና ወደ ባዝ ሄዱ። መጀመሪያ ሆቴል አረፉ፤ ቆይተው ፌርፊልድ ሐውስ የሚባል ቤት ገዙ። ለጥቂት ጊዜ እረፍት ተብሎ የተሄደበት ከተማ አራት ዓመት ያህል አስቆጠረ።

ሥዕሉን እስቲ አብረን እንይ። ኮረብታ ላይ ያለ የድንጋይ ቤት ነው። ውጭ ዝናብና ጉም። ውስጥ የንጉሥ ቤተሰብ፣ ቀሳውስት፣ ሹማምንት፣ አሽከሮች። በግቢው ያለው የመስታወት ቤት፣ አበባ የሚተከልበት፣ ጸሎት ቤት ሆነ። ገንዘብ አጠረ፤ የብር ዕቃ እስከ መሸጥ ተደረሰ። እቴጌ መነን ብርዱ አልስማማ ብሏቸው ወደ ኢየሩሳሌም ሄዱ። እቴጌ ጣይቱ ከእንጦጦ ብርድ ሸሽተው ፍል ውሃ አጠገብ ተቀመጡ፤ እቴጌ መነንን ግን ፍል ውሃ ከተማ ውስጥ ሆነው ብርድ አባረራቸው። ታሪክ እንዲህ ስትሆን እኔ ዝም እላለሁ።

ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴም እዚያው ነበሩ። ስንት መጽሐፍ ለአማርኛ የሰጡ ሰው፣ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር። በመስከረም 1931 እዚያው ባዝ ላይ አረፉ፣ እዚያው ተቀበሩ። አፅማቸው ወደ አገሩ የተመለሰው ከነፃነት በኋላ ነው። ንጉሡም የሕይወት ታሪካቸውን፣ «ሕይወቴና የኢትዮጵያ እርምጃ»ን፣ የመጀመሪያውን ክፍል ያዘጋጁት በባዝ ነው። ሰኔ 1932 ላይ ወደ ሱዳን በረሩ፤ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገቡ። እንግዲህ ከመታጠቢያ ከተማ ወደ መታጠቢያ ከተማ።

ቤቱንስ? እንደ ፈረንጆች በ1958 ለባዝ ከተማ ሰጡት፣ ለአረጋውያን መገልገያ እንዲሆን። ዛሬም አረጋውያን ይሰባሰቡበታል።

ለንደን ያላችሁ ልጆቻችን በኢንተርኔት እንደምትሰሙን አውቃለሁና፣ ይህ ለእናንተ ነው። ከፓዲንግተን ጣቢያ በባቡር አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ሂዱ። ከጣቢያው የሮማውያኑ መታጠቢያ በእግር ቅርብ ነው። ጎኑ ላይ ውሃውን የምትቀምሱበት ክፍል አለ። ለብ ያለ ነው፣ ማዕድን ማዕድን ይላል፤ አምቦ ውሃ ለለመደ ኢትዮጵያዊ ብዙ አያስደነግጥም፣ ጋዙ ብቻ ነው የሌለው። ከሰዓት ፌርፊልድ ሐውስን እዩ፤ ከመሃል ከተማው በስተምዕራብ ነው። ቤቱ ለጎብኚ የሚከፈትበትን ቀን ግን ቀድማችሁ ጠይቁ። እዚያ ደርሶ በር ተዘግቶ አግኝቶ መመለስ ያናድዳል።

(የውሃ ድምፅ)

ስለ ባዝ አንድ የቀረ ነገር አለ፣ እሱ ደግሞ ለሁላችንም ይጠቅማል። በሮማውያኑ ገንዳ ዛሬ ማንም አይታጠብም። እንደ ፈረንጆች በ1978 በዚያ ውሃ የዋኘች አንዲት ልጅ በአፍንጫ ገብቶ አንጎል በሚያጠቃ ጥቃቅን ተሕዋስ ሕይወቷ አለፈ። በሽታው እጅግ አልፎ አልፎ የሚከሰት ነው። ተሕዋሱ ግን የሚወደው ለብ ያለና የሞቀ፣ ያልታከመ ውሃ ነው። ከተማዋ ያን ገንዳ ዘጋች፤ በፈረንጆች 2006 ደግሞ ውሃው ተጣርቶ የሚገባበት አዲስ መታጠቢያ ከፈተች።

ስለዚህ ሜዳ ላይ ያለ የፍል ውሃ ኩሬ ስታገኙ፣ በተለይ ልጆች፣ ጭንቅላታቸውን እንዳይነክሩ፣ ዘለው እንዳይገቡ። አፍንጫ ውስጥ ውሃ እንዳይገባ። ይህን ሁለት ጊዜ ልበለው፤ አፍንጫ ውስጥ እንዳይገባ።

ሌላስ? ሙቅ ውሃ የደም ሥርን ያሰፋል፣ ግፊትን ዝቅ ያደርጋል። ለዚህ ነው ከገንዳው ድንገት ስትነሱ ዓይናችሁ የሚጨልመው። አንድ ሩብ ሰዓት፣ ቢበዛ ሃያ ደቂቃ ይበቃል። ስትነሱ ቀስ፣ ጠርዙን ይዛችሁ። ነፍሰ ጡር እናቶች፣ የልብና የደም ግፊት ታማሚዎች ሐኪማችሁን ሳታናግሩ አትግቡ። ቢራ ጠጥቶ ፍል ውሃ መግባት... እኛ ሰዎች ይህን እንወዳለን፣ ሶደሬ ላይ በዓይኔ አይቻለሁ፤ ግን አደገኛ ነው። መጠጡ ከታጠባችሁ በኋላ ይድረስ።

ፍል ውሃ ይጠጣል ወይ ብላችሁ የጠየቃችሁኝ አላችሁ። እንደ ውሃው ነው። አምቦ ታሽጎ የሚሸጥ የማዕድን ውሃ ነው፣ ከፈረንጆቹ 1930 ጀምሮ። የስምጥ ሸለቆ ፍል ውሃ ግን ብዙ ፍሎራይድ ይይዛል። በወንጂ አካባቢ ያደጉ ሰዎች ጥርሳቸው ቡኒ የሚሆነው ለምን ይመስላችኋል? ስለማይቦርሹ አይደለም፤ ፍሎራይድ የበዛበት የጉድጓድ ውሃ ልጅ ሆነው ስለጠጡ ነው። ስለዚህ ሻይ ይፈላበት፣ ጀሪካን ይሞላ እንዳትሉ። ገላ ይታጠቡበት።

ስለ ጠበልም ለይታችሁ ጠይቃችሁኛል። ጠበል የእምነት ነገር ነው፣ እኔ በቴርሞሜትር አልለካውም። የምለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የሐኪም መድኃኒት የጀመረ ሰው ጠበል ሄድኩ ብሎ መድኃኒቱን አያቋርጥ።

(አጭር ሙዚቃ)

እሺ፣ ቅዳሜና እሑድስ ምን እናድርግ? ቅዳሜ ከነገ ወዲያ ነው።

ቅርቡ ፍልውሃ ነው። ከቦሌ በታክሲ ሰላሳ ደቂቃ፣ መንገድ ካልተዘጋ። ከመውጣታችሁ በፊት ስልክ ደውላችሁ ክፍት መሆኑን፣ ወረፋውን ጠይቁ። ጠዋት በጊዜ ሂዱ። የሚከፍል አቅም ያለው ደግሞ ሂልተን ሆቴል አለ፤ መዋኛው የሚሞቀው በዚሁ በከተማችን ፍል ውሃ ነው። መዋኛው በመስቀል ቅርጽ የተሠራ ነው፣ የላሊበላን ቤተ ጊዮርጊስ አስመስለው።

ራቅ ላለ ሰው ሶደሬ አለ። የምሥራቁ ሰፈር ሰው ለሶደሬ የተፈጠረ ነው፤ መሃል ከተማን ሳትረግጡ ቱሉ ዲምቱ ትደርሳላችሁ። ከዚያ በፈረንጆች 2014 በተከፈተው ፈጣን መንገድ እስከ አዳማ። መንገዱ ላይ ልጆቻችሁን ነቅተው እንዲያዩ አድርጓቸው። በስተቀኝ ዝቋላ ይታያል። ቢሾፍቱ ላይ ያሉት ሐይቆች እሳተ ገሞራ የቆፈራቸው ጉድጓዶች ናቸው። ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ 2300 ሜትር ገደማ ነው፣ አዳማ 1600 ገደማ፤ ጆሯችሁ «ጠቅ» ሲል የስምጥ ሸለቆውን ደረጃ እየወረዳችሁ ነው። ከአዳማ በአሰላ መንገድ ወጥታችሁ ወደ ሶደሬ ትታጠፋላችሁ፤ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው።

ሶደሬ አዋሽ ዳር ነው። ትልልቅ ዛፍ፣ ሙቅ መዋኛ፣ ሙቀቱ ከአዲስ አበባ ሌላ። ወንዙ ውስጥ አትግቡ፤ አዞ አለ። ሁለተኛው አደጋ ደግሞ ጦጣ ነው። ፌስታል የያዘ ሰው ከሩቅ ያውቃሉ። አምና እኔ ሳምቡሳ ይዤ ተቀምጬ ጓደኛዬን «እነዚህ ጦጣዎች እንዴት ያምራሉ» እያልኩ ሳለ አንዷ ከጎኔ መጥታ ሳምቡሳውን ወሰደች። ፌስታሉን አልነካችም። ሳምቡሳውን ብቻ። ዛፍ ላይ ወጥታ ስትበላ እያየችኝ ነበር፤ እኔም አየኋት።

ለሳምንቱ መጨረሻ የምትወጡ ሁሉ የመንገዱን ሁኔታ አስቀድማችሁ አጣሩ፣ ቀን ላይ ሂዱ፣ ቀን ላይ ተመለሱ። ፎጣ ለየአንዳንዱ ሰው አንድ ያዙ። አንድ ለሦስት እንዳይሆን፣ የሦስተኛው ሰው ዕድል ምን እንደሆነ እኔን ጠይቁኝ። ሦስተኛዋ እኔ ነበርኩ።

(የመግቢያው ሙዚቃ ቀስ ብሎ ይገባል)

ከመለያየታችን በፊት የቤት ሥራ። ቤታችሁ ካሉ ትልልቅ ሰዎች አንዱን፣ አያታችሁን ወይም ጎረቤት ያሉትን እማማ፣ «ፍልውሃ መጀመሪያ የታጠቡት መቼ ነው? ከማን ጋር?» ብላችሁ ጠይቁልኝ። ያሉትን በድምፅ ቀድታችሁ ላኩልን፣ ወይም ጻፉልን። ሐሙስ ማታ በዚሁ ሰዓት የተወሰኑትን እናሰማለን።

ለሙሽራዋ ገላ መታጠብ የሄደች ሚዜ፣ ከድሬዳዋ በባቡር መጥታ ከለገሃር ቀጥታ ፍልውሃ የገባች ሴት፣ ቁርጥማት የለቀቀው ሽማግሌ... ማንም ይሁን። እኔ ጀበናዬን ጥጄ እጠብቃችኋለሁ።

ደኅና እደሩ።

(ሙዚቃው ከፍ ይላል፤ ይጠፋል)